በዊኪፒዲያ የግልግል ዳኛ ለመሆን መወዳደር

በእኛ ልማድ ሽማግሌ ተለምኖ ይመጣል እንጂ «እኔን ሽማግሌ አድርጉኝ» ብሎ ደጅ አይጠናም። እንዲህ የሚል ሰው ቢገኝ ባለጉዳዮቹ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት እሱን ነው። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ግን ደንቡ የተገላቢጦሽ ነው። የአርታዒዎችን ጠብ የሚዳኘው የግልግል ኮሚቴ አባል ለመሆን የፈለገ ሁሉ ዓመታዊው ምርጫ ሲደርስ፣ ብዙውን ጊዜ በኖቬምበር ወር፣ ራሱን በራሱ ዕጩ ማድረግ አለበት። ጓደኞቹ «ግባ» እያሉ ሊወተውቱት ይችላሉ፤ የዕጩነት ገጹን ከፍቶ መፈረም ግን የራሱ ፋንታ ነው። ጥርጣሬው እዚያም አልቀረም። የምርጫው ሥርዓት በአብዛኛው የተበጀው ይህን ሥልጣን ፈልጎ የመጣን ሰው እንዴት እንመርምረው በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ኮሚቴው 15 መቀመጫዎች አሉት። አባላቱ ደመወዝ የላቸውም፤ ብዙዎቹም የሚታወቁት በብዕር ስም ነው። ስሙ ግልግል ይባል እንጂ ሥራው ከዕርቅ ይልቅ ወደ ችሎት ያደላል። ወደ እሱ የሚደርሰው ውይይትም፣ የአስተዳዳሪዎች (የማገድ ሥልጣን የተሰጣቸው አርታዒዎች) ምክርም፣ ጊዜያዊ እገዳም ያላበረደው ጠብ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ግራ የሚያጋባው ኮሚቴው የጽሑፍን እውነትነት አለመዳኘቱ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ከተማ በተቆረቆረበት ዓመት ቢጣሉ፣ ዓመቱን ኮሚቴው አይወስንላቸውም። ማን ማንን ዘለፈ፣ ማን የሌላውን ሥራ በተደጋጋሚ ሰረዘ፣ ማን በሁለት ስም እየገባ ለራሱ ድጋፍ ሰጠ የሚለውን ግን መዝገብ አገላብጦ ይፈርዳል። ፍርዱ አንድን ሰው ከአንድ ርዕስ ከማገድ ይጀምራል፤ ሁለት ሰዎች እንዳይነካኩ መከልከል፣ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን መግፈፍ፣ ሲብስም ጨርሶ ማባረር አለ።

ኮሚቴውን በ2003 መጨረሻ ያቋቋመው ከዊኪፒዲያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጂሚ ዌልስ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት አስቸጋሪ ሰዎችን የማገዱ ውሳኔ በእሱ እጅ ነበር፤ አርታዒው ሲበዛ ለአንድ ሰው የሚቻል ሥራ አልሆነም። የመጀመሪያዎቹን አባላት ራሱ ሰየመ፣ ሥራውም በ2004 መጀመሪያ ተጀመረ። ቀጥሎ ምርጫ መጣ፤ ሆኖም ለዓመታት የድምፁ ውጤት ለዌልስ እንደ ምክር የሚቀርብ ነበር፤ ሹመቱን የሚያጸድቀው እሱ ነበር። ድምፅ አሰጣጡም ግልጽ ነበር፦ መራጩ በዕጩው ስም ሥር «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ብሎ፣ ከፈለገም ምክንያቱን ጨምሮ ይፈርማል። ነገ ሊዳኝህ የሚችልን ሰው ዛሬ በስምህ ፈርመህ መቃወም ቀላል ነገር አይደለም። ድምፁ ምስጢራዊ የሆነው በ2009 ነው።

ሹመት ያለ ምርጫ ምን እንደሚያስከትል የታየው በ2007 ነበር። ዌልስ በቀጥታ ኮሚቴው ውስጥ ያስገባው አንድ አርታዒ በነገረ መለኮት ዶክተር፣ በዩኒቨርሲቲም የሃይማኖት ፕሮፌሰር ነኝ ሲል የኖረ ሰው ነበር። ሲጣራ ዲግሪው የሌለው የ24 ዓመት ወጣት ሆኖ ተገኘ፤ ወዲያውም ለቀቀ። ዊኪፒዲያ ለአርታዒነት ዲግሪ ጠይቆ አያውቅም። ሰውን ያስቆጣው ይህ ወጣት የሌለውን ዲግሪ በክርክር መሀል እንደ ማስረጃ መምዘዙ ነው።

ዛሬ ለመወዳደር የሚጠየቀው መስፈርት ሲታይ ብዙም አይደለም። ዕጩው በጽሑፎች ላይ ቢያንስ 500 እርማት ወይም ጭማሪ ያደረገ፣ በእገዳ ሥር ያልሆነ፣ ዕድሜው 18 የሞላ መሆን አለበት። ምስጢር ለመጠበቅ ዊኪፒዲያን ከሚያስተዳድረው ድርጅት ከዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ጋር ስምምነት ለመፈረም ፈቃደኛ መሆን፣ ከዚህ በፊት የተጠቀመባቸውን ሌሎች የመለያ ስሞችም ማሳወቅ ይጠበቅበታል። አስተዳዳሪ መሆን ግዴታ አይደለም፤ የሚመረጡት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም አስተዳዳሪዎች ናቸው። ደንቡ በሩን ቢከፍትም መራጩ ይዘጋዋል።

ዋናው ፈተና የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዕጩው ከ400 ቃላት ባልበለጠ ጽሑፍ ማን እንደሆነና ለምን እንደሚወዳደር ይገልጻል። ቀጥሎ የጥያቄ ገጽ ይከፈትለታል፤ ጥያቄውም ይዘንባል። አንዳንዱ መላምት ነው፦ «የሥራ ባልደረባህ በግል ደብዳቤ ያወጣውን ምስጢር ብታውቅ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ዓይነት። ሌላው ያለፈን ፍርድ ጠቅሶ «አንተ ብትሆን እንዴት ትወስን ነበር?» ይላል። ከሁሉም የሚከብደው ግን ዕጩው ራሱ ከጻፈው የሚነሳው ነው። በዊኪፒዲያ እያንዳንዱ እርማት ከነሰዓቱና ከነደቂቃው ስለሚመዘገብ፣ ከአሥር ዓመት በፊት እኩለ ሌሊት ላይ ተናዶ የጻፋት አንዲት መስመር ከነአድራሻዋ ትቀርብለታለች። «አላልሁም» ማለት አይቻልም። ያለው አማራጭ መጸጸት ወይም መከራከር ነው፤ በእኔ አስተያየት መራጩ ስለ ዕጩው ጠባይ ከ400 ቃላቱ ይልቅ ከዚህ መልስ ብዙ ይማራል። አንዳንድ ነባር አርታዒዎች ደግሞ ዕጩዎቹን አንድ በአንድ እየመዘኑ የራሳቸውን የመራጮች መመሪያ ያወጣሉ። ይህን ሁሉ አይቶ ድምፅ ሳይጀመር ራሱን ከውድድሩ የሚያገል ዕጩ አይጠፋም።

ድምፅ ለመስጠት በጽሑፎች ላይ 150 እርማት ያስፈልጋል፤ የሞተ መለያ ቀስቅሶ መምጣት እንዳይቻልም ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 10 የተደረገ መሆን አለበት። መራጩ በእያንዳንዱ ዕጩ ፊት «ድጋፍ»፣ «ተቃውሞ» ወይም «ገለልተኛ» የሚል ምልክት ያደርጋል። ስሌቱ ብልሃት አለበት፦ ገለልተኛው ከቁጥር አይገባም፤ ድጋፉ ለድጋፉና ለተቃውሞው ድምር ይካፈላል። 500 ሰው ደግፎት፣ 300 ተቃውሞት፣ 700 በገለልተኝነት ያለፈው ዕጩ 62.5 በመቶ አገኘ ይባላል። 900 ደጋፊ ያለው ግን 700 የተቃወሙት ሰው 56 በመቶ ገደማ ይዞ ከኋላው ይቀራል። ስለዚህ ብዙ ወዳጅ ከማፍራት ይልቅ ጠላት አለማብዛት ይጠቅማል፤ በደረቅ ሙግቶች ላይ ደፍረው የወሰኑ አስተዳዳሪዎችም ይህን ዋጋ ይከፍላሉ። ለማለፍ 50 በመቶ ያስፈልጋል፤ ከ60 በላይ ያገኘ ለሁለት ዓመት፣ በመካከል የቀረ ለአንድ ዓመት ይቀመጣል።

ምርጫውን የሚመራው ሦስት አባላት ያሉት የምርጫ ኮሚሽን ሲሆን፣ ድምፁን የሚያጣሩት ከሌሎች ቋንቋዎች ዊኪፒዲያ የሚመጡ «ስቱዋርድ» የሚባሉ ባለሥልጣናት ናቸው። አንድ ሰው በሁለት መለያ ድምፅ ሰጥቶ እንደሆነ ይፈትሻሉ። በ2015 ለመምረጥ ብቁ ለሆኑት ሁሉ ማስታወቂያ በየገጻቸው ተላከና የመራጩ ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ600 ገደማ ከ2,000 በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት ብዙው አርታዒ ምርጫ መኖሩንም የሰማ አይመስልም።

ያሸነፈው ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው የኢሜይል ክምር ነው። የእገዳ ይግባኝ፣ የማሳደድ አቤቱታ፣ በይፋ ሊነገር የማይችል የግል ጉዳይ ሁሉ የሚመጣው በዚያ መንገድ ነው፤ ስለዚህ የሥራው ትልቁ ክፍል ለመራጩ አይታይም። በይፋ የሚታየው ችሎት ደግሞ በሥርዓት የታጠረ ነው፦ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የተባሉ ሰዎች በ1,000 ቃላት፣ ሌሎች በ500 ቃላት ውስጥ ማስረጃቸውን ማቅረብ አለባቸው። ነገር ማብዛት የለመደ ተከራካሪ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ዘመኑን ሳይጨርስ የሚለቅ አባል ጥቂት አይደለም።

የጀርመንኛው ዊኪፒዲያ አሥር አባላት ያሉት የራሱ የግልግል ችሎት አለው፤ አምስት አምስቱን በዓመት ሁለት ጊዜ ይመርጣል። የአማርኛው ውክፔዲያ እንዲህ ያለ አካል የለውም፤ አርታዒው ጥቂት ስለሆነ ጠቡም በየጽሑፉ የውይይት ገጽ ላይ ይነሳል፣ እዚያው ይበርዳል። ቢሆንም የእንግሊዝኛው ኮሚቴ ሥራ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ2021 ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ሶማሊያንና ጅቡቲን የሚመለከቱ ጽሑፎች በአፍሪካ ቀንድ ስም ልዩ ቁጥጥር እንዲደረግባቸው ኮሚቴው ወስኗል። በውሳኔው መሠረት አስተዳዳሪዎች በእነዚህ ርዕሶች ላይ የሚያውክን አርታዒ ከተለመደው ባጠረ መንገድ ማገድ ይችላሉ። በእንግሊዝኛው እትም ስለ ጎንደር ወይም ስለ አክሱም 150 እርማት ያደረገ ኢትዮጵያዊ የሚሠራው በዚህ ውሳኔ ሥር ነው፤ የምርጫው ሰሞን ሲመጣም የድምፅ መስጫው ለእሱም ክፍት ነው።