ዶርሳል ኦርጋን ምንድን ነው? የዝንብ እጭ በምን ታሸታለች?

የፍራፍሬ ዝንብ እጭ እግር የሌላት ነጭ ትል ናት። ዋና ሥራዋ መብላትና ማደግ ነው። ወደ ምግቧ የሚመራት ደግሞ ሽታ ነው። ከጭንቅላቷ ጫፍ ላይ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ጉልላት መሳይ ጉብታ አለ፤ ዶርሳል ኦርጋን ማለት እሱ ነው። የእጯ አፍንጫ ብንለው አልተሳሳትንም።

በእያንዳንዱ ጉብታ ሥር ሽታ የሚለዩ 21 የነርቭ ሴሎች አሉ። 21 ብቻ! ያደገችው ዝንብ በአንድ አንቴናዋ ላይ ከ1,000 በላይ አሏት። ጉልላቱ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። የሽታው ሞለኪውል በእነሱ ሾልኮ ይገባና የሴሎቹን ጫፍ ያገኛል። አንድ ሴል በአብዛኛው አንድ ዓይነት ሽታ ተቀባይ ፕሮቲን ብቻ ይሠራል። ኦርኮ የሚባል ረዳት ፕሮቲንም አለው። ኦርኮ ከጠፋ ተቀባዮቹ ሥራቸውን መሥራት አይችሉም፤ እጯም ከሞላ ጎደል ማሽተት አትችልም።

ሴሎቹ ጥቂት ስለሆኑ የእያንዳንዳቸው ሥራ ትልቅ ነው። ኦአር42ኤ የተባለው ተቀባይ ያለበት ሴል የበሰለ ፍራፍሬ ሽታ ይቀሰቅሰዋል። ተመራማሪዎች ይህን አንዱን ሴል ብቻ ሠራተኛ አድርገው ሌሎቹን ሲያጠፉ እጯ አሁንም ወደ አንዳንድ ሽታዎች መሄድ ችላለች። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ኦአር49ኤ ነው። ሌፕቶፒሊና የምትባል ተርብ እንቁላሏን በእጯ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው የተርብ ልጅ እጯን ከውስጥ ይበላታል። ኦአር49ኤ የዚህችን ተርብ ሽታ ይለያል፣ እጯም ትሸሻለች። ሕይወቷ በዚያ ሴል ላይ ሊንጠለጠል ይችላል ማለት ነው።

ከዚያ መልእክቱ ወዴት ይሄዳል? የ21ዱ ሴሎች ክሮች አንቴናል ሎብ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ይገባሉ። እዚያ እያንዳንዱ ክር የራሱ ግሎሜሩለስ አለው፤ ግሎሜሩለስ ክብ የነርቭ መገናኛ ነው። ከዚያ ሌላ ነርቭ ተቀብሎ ወደ ሁለት ቦታ ያደርሰዋል። አንዱ መሽሩም ቦዲ ነው፤ ሽታን ከልምድ ጋር አያይዞ ይማራል። ሌላው ላተራል ሆርን ሲሆን ሳይማሩ የሚመጡ ምላሾች በብዛት ከእሱ ጋር ይያያዛሉ።

ጣዕም ሌላ መንገድ አለው። የጣዕም ሴሎች ተርሚናል ኦርጋንና ቬንትራል ኦርጋን በተባሉ ክፍሎች፣ በዶርሳል ኦርጋኑ ጉልላት ዙሪያና በጉሮሮ ውስጥ ይገኛሉ። ክሮቻቸው ከጉሮሮ በታች ወዳለው የአንጎል ክፍል ይወርዳሉ። እንደ ሽታው በግሎሜሩለስ የተለየ ሥርዓት እዚያ የለም። አንዳንዱ ሴልም ከአንድ በላይ ጣዕም ይመለከተዋል።

ሁለቱ መንገዶች መሽሩም ቦዲ ላይ ይገናኛሉ። እጯ አንድን ሽታ እያሸተተች ስኳር ከቀመሰች የስኳሩ ምልክት ዶፓሚን የተባለ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል በሚለቁ ነርቮች በኩል እዚያ ይደርሳል። በኋላ ያን ሽታ ብቻውን ስታገኘው ወደ እሱ ትሄዳለች። ይህ ሁሉ በጥቂት ሺህ ሴሎች የሚሠራ ነው። በ2023 የወጣው የእጯ አንጎል ሙሉ የነርቭ ካርታ 3,016 ነርቮችና ወደ 548,000 የሚጠጉ ሲናፕሶች (ነርቭ ከነርቭ የሚገናኝባቸው ነጥቦች) ይዟል።

እጯ ወደ ዝንብነት ስትለወጥ የዶርሳል ኦርጋን ሽታ ሴሎች ይሞታሉ፤ በአዲሱ አንቴና ላይ ሌሎች ይበቅላሉ። በጉሮሮ ያሉት ብዙዎቹ የጣዕም ሴሎች ግን ተርፈው በዝንቧም ውስጥ ይቀጥላሉ።