«ስልኬ ላይ ይታያል እኮ!» ስለ ቤት ካሜራ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ የቤትና የሱቅ ካሜራ መግጠም ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከዚራም፣ ሳቢያንም፣ ገንደ ቆሬም ቆርቆሮ ላይ ወጥቼ ፀሐይ በልቶኛል። ሰፈሩ ይለያያል፤ የሚነገረኝ ግን አንድ ነው። ሌባ ገብቶ ከወጣ በኋላ ይደወልልኛል። «ሪከርዱን አይታችሁታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። «አቦ፣ ካሜራው ይሠራል፤ ስልኬ ላይ ይታያል እኮ!» የሚል መልስ ይመጣል። ይህን መልስ መስማት ሰልችቶኛል። የሚጎዳው ደግሞ ሁሌም ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ከዚሁ መልስ ልጀምር።

«ስልኬ ላይ ከታየ ይቀዳል»

አይደለም። ማሳየትና መቅዳት ሁለት ሥራ ነው። ካሜራው ምስሉን ዲቪአር ወደሚባለው መቅጃ ሳጥን ይልካል። ዲቪአሩ የመጣለትን ምስል በአንድ በኩል ለቴሌቪዥኑና ለስልካችሁ ያሳያል፤ በሌላ በኩል ሃርድ ዲስክ ላይ ይጽፋል። ሃርድ ዲስኩ ቢሞት ማሳየቱ አይቆምም። ምስሉ እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ ይመጣል። የአሁኑን ታያላችሁ፤ የትናንቱ ግን የለም።

ሳቢያን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ እትዬ ነው የምላቸው። ልጃቸው የሚሠራበት ባጃጅ ሌሊት ከግቢያቸው ተሰረቀ። ጠዋት ስደርስ በረንዳው ላይ ስልካቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ስልኩ ላይ ባዶው ግቢ ይታያል። ባጃጁ የቆመበት ቦታ ላይ የፈሰሰችው ዘይት እንኳ ሳትቀር ትታያለች። «ይኸው ልጄ፣ ካሜራው ምንም አልሆነም። የማታውን ብቻ አውጣልኝ» አሉኝ።

ዲቪአሩ የት እንዳለ ጠየቅኳቸው። ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ። «ሌሊት ጲ… ጲ… እያለ እንቅልፍ ነሳኝ» አሉ። ያ ድምፅ ዲቪአሩ ሃርድ ዲስኬ ተበላሽቷል ብሎ የሚጮኸው ጩኸት ነው። ዝርዝሩን ስከፍት የመጨረሻው ቀረጻ አምስት ወር አልፎታል። ነገርኳቸው። እትዬ ምንም አልመለሱም። ስልኩን ጭናቸው ላይ ደፉትና ዝም አሉ።

ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። የገጠመላቸው ሰው ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ አልነገራቸውም። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ጨርሼ ከመውጣቴ በፊት ባለቤቱን አጠገቤ አስቀምጬ ፕሌይባኩን፣ ማለትም የተቀዳውን መልሶ የሚያሳየውን ክፍል፣ በራሱ እጅ አስከፍተዋለሁ። እናንተም እንዲህ አድርጉ፦ በሳምንት አንድ ቀን የአሁኑን የሚያሳየውን ላይቩን ተዉትና ፕሌይባክ ውስጥ ግቡ። የትናንትን ቀን ምረጡ። ከሌሊቱ፣ ከጠዋቱና ከከሰዓቱ አንዳንድ ቦታ ነካ ነካ አድርጉ። ምስል ከመጣ ደህና ነው። ካልመጣ ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ የሚለውን ክፈቱና የሃርድ ዲስኩን ሁኔታ እዩ። «ኖርማል» ካላለ ነገር አለ። አንዳንዴ የውስጥ ገመዱ ላልቶ ብቻ ይሆናል። ዲቪአሩን ከሶኬት ነቅሎ ገመዱን አጥብቆ መመለስ ይበቃል። ካልሆነ ዲስኩ ይቀየር።

ዲስክ የሚገድለው ምንድን ነው? እኛ ከተማ አንደኛው ሙቀት ነው። በግንቦትና በሰኔ ውጭው 35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ሌት ተቀን የሚሽከረከር ዲስክ ምን እንደሚሆን አስቡት። ዲቪአሩን አየር በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት፤ ዳንቴልም አታልብሱት። ሁለተኛው መብራት ነው። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲሄድ፣ ተመልሶም በኃይል ሲመጣ ይጎዳል። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው ትንሽ ዩፒኤስ ግዙለት። ሦስተኛው ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ዲስክ ነው። የኮምፒውተር ዲስክ 24 ሰዓት ሙሉ እንዲጽፍ አልተሠራም። እንደ ዌስተርን ዲጂታል ፐርፕል ወይም ሲጌት ስካይሃውክ ያሉት ግን ለካሜራ ተብለው የተሠሩ ናቸው። በዋጋው ልዩነት አትከራከሩ።

ስንት ቀን እንደሚይዝም እወቁ። ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ከጻፈ በቀን 43 ጊጋባይት ያህል ይበላል። አራት ካሜራ ካላችሁ 1 ቴራ ዲስክ ከአምስት ቀን ብዙም አይዘልም። ዲቪአሩ ኤች 265 የሚባለውን አቀዳድ ካወቀና በሴኮንድ የሚጽፈው ሜጋቢት በግማሽ ከወረደ ወደ አሥር ቀን ይጠጋል። ከዚያ በኋላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል። እቃ መጥፋቱን በአሥራ አምስተኛው ቀን ያወቀ ሰው ምንም አያገኝም።

ሚሞሪ ካርድ የሚገባባቸው ትንንሽ ካሜራዎችም ያው ናቸው። ላዩ ላይ 128 ጊጋ ተጽፎበት ውስጡ ከዚያ በጣም ያነሰ ካርድ ገበያው ላይ ሞልቷል። ከመግጠማችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ፋይል ሙሉበት፤ ከዚያ ፋይሎቹን መልሳችሁ ክፈቱ። ካልከፈቱ ካርዱን ለሻጩ መልሱ።

«ዋናው ሜጋፒክስሉ ነው»

ሱቅ የሚገባ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ነው። ስለ ሌንሱ የሚጠይቀኝ ግን ከስንት አንድ ነው። ቁጥሩን አብረን እናስላው።

ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ምስሉ በወርድ 1920 ነጥብ (ፒክስል) ነው። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚሸጠው 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ወደ 100 ዲግሪ ያያል። አሥር ሜትር ርቀት ላይ ይህ ማለት 24 ሜትር ስፋት ነው። 1920ን ለ24 ስታካፍሉ በሜትር 80 ነጥብ ይደርሳል። የሰው ፊት ስፋቱ 16 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ የሌባው ፊት 13 ነጥብ ብቻ ያገኛል ማለት ነው። የማታውቁትን ሰው በፊቱ ለመለየት በሙያው የሚሠራበት ልክ በሜትር 250 ነጥብ ነው። በ80 ነጥብ የምታዩት «ሰው ነው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል» የሚለውን ነው።

«እንግዲያው 8 ሜጋፒክስል ልግዛ» ትላላችሁ። ሜጋፒክስሉ አራት እጥፍ ሲሆን የወርዱ ነጥብ የሚጨምረው እጥፍ ብቻ ነው፤ 3840 ይሆናል። በዚያው ሌንስ በሜትር 160 ነጥብ ታገኛላችሁ። ያንኑ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በ6 ሚሊሜትር ሌንስ ብትገዙትስ? አሥር ሜትር ላይ የሚያየው 10 ሜትር ስፋት ያህል ነው። በሜትር 190 ነጥብ ይሆናል። ርካሹ ካሜራ ውዱን በለጠ። የውዱ ፋይል ዲስክ ይበላል። ብርሃን የሚቀበለው የሴንሰሩ መጠን ካላደገ ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ ስለሚጠብብ ማታ ብርሃን መሰብሰብ ያቅተዋል።

መጋላ ውስጥ አንድ ነጋዴ ባለ 8 ሜጋፒክስሉን ፎቁ ጫፍ ላይ አሰቅለውት ነበር፤ «ከላይ ሁሉን ያያል» ብለው። እውነትም ሁሉን ያያል፤ የሁሉንም አናት። የሱቃቸውን ቁልፍ የሰበረው ሰው ኮፍያው ብቻ ነው የተቀረጸው። አሁን አንዷን ካሜራ በሩ አጠገብ፣ ከመሬት ሁለት ሜትር ተኩል ላይ አድርገናታል። የገባ ሰው ሁሉ ፊቱ ይመጣል። ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ «ምን ማየት ነው የምፈልገው?» በሉ። ግቢውን በጥቅሉ ለማየት ሰፊ ሌንስ፤ በሩ ላይ ፊት ለመለየት ጠበብ ያለ ሌንስ። አንድ ካሜራ ሁለቱንም አይችልም።

«ማታ ማታ ይበላሻል»

ካሜራ ማታ ማታ ብቻ አይበላሽም። ሁለት ነገር ነው የሚሆነው።

አንደኛው፣ ምስሉ ነጭ ጉም ይሆናል። ማታ ካሜራው ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ይረጫል። አጠገቡ ግድግዳ ወይም የቆርቆሮ ጠርዝ ካለ ብርሃኑ ተመልሶ ራሱን ያሳውረዋል። የካሜራው ፊት ላይ አቧራ ካለም እንደዚያው ነው። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነፋስ ሲነሳ የኛ ከተማ አቧራ የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ። ሸረሪትም አለች፤ ካሜራው ፊት ላይ ድሯን ትሠራለች። ሌሊቱን ሙሉ ስልካችሁን የሚያስጮኸው ሌባ ሳይሆን የድሩ መወዛወዝ ነው። መፍትሔው ትንሽ የረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ነው። በደረቁ አትፈትጉት፤ አቧራው ፕላስቲኩን ይጭረዋል።

ሁለተኛው፣ ቀን ሲሠራ ውሎ ልክ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሲመሽ ይጠፋል፤ ወይም ይጠፋል ይበራል። ይህን ስሰማ ቤቱ ሳልደርስ ምን እንደሆነ እገምታለሁ። የማታ መብራቱ ሲበራ ካሜራው ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። አዳፕተሩ ደካማ ከሆነ፣ ወይም ገመዱ ረጅምና ቀጭን ከሆነ፣ ከአዳፕተሩ 12 ቮልት የተነሣው ካሜራው ጋ ሲደርስ 10 ይሆናል። ካሜራው አቅም አጥቶ ይወድቃል። ገመዱን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው፤ መዳቡ ቅብ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ እንደ መዳብ አያሳልፍም። ካሜራውን አውርዳችሁ አዳፕተሩ አጠገብ በአጭር ገመድ ሞክሩት። ብርሃን የሚለካውን ቦታ በእጃችሁ ሸፍናችሁ እንዲመሽበት አድርጉ። እዚያ ከሠራ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ስንት ደህና ካሜራ በዚህ ምክንያት እንደተጣለ ሳስብ ያንገበግበኛል። ሰውየው አዲስ ይገዛል፣ በዚያው ገመድ ይገጥመዋል፣ በሳምንቱ ያው ነው።

«ዋይፋይ ካሜራ ገመድ አይፈልግም»

ባትሪ ከሌለው የመብራት ገመድ ይፈልጋል። አብዛኞቹ ርካሽ ካሜራዎች ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ዋይፋይ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ራውተራችሁ 5 ላይ ብቻ ከሆነ አይገናኙም። የከዚራ አሮጌ ቤቶች ወፍራም ግንብ ናቸው፤ ሐረር ጁገል ውስጥማ የድንጋዩን ውፍረት አትጠይቁ። የብረት በርም ሲግናል ያስቀራል። ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁን ይዛችሁ ካሜራው የሚሰቀልበት ቦታ ቁሙ። በሩን ዝጉና ቪዲዮ ክፈቱ። ከተቆራረጠባችሁ ካሜራውም ይቆራረጥበታል። ግቢው ሰፊ ከሆነ መብራቱንና ምስሉን በአንድ የኔትዎርክ ገመድ የሚወስደውን፣ ፒኦኢ የሚባለውን አስገጥሙ፤ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። አሻንጉሊት ካሜራ ሌባ ያስፈራል የሚሉ አሉ፤ ሌባው ለሁለት ቀን ካጠናችሁ ያውቀዋል። «ውሃ አያስገባም» ተብሎ አይፒ 66 (IP66) የተጻፈበት ካሜራ ራሱ ዝናብ ይችላል፤ የገመዱ መጋጠሚያ ግን ሳጥን ውስጥ ካልገባ ይዝጋል። «የኔን ቤት ማን ይፈልገዋል» ብላችሁ ከፋብሪካ የመጣውን ፓስወርድ አትተዉ። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚራይ የተባለው ቫይረስ ብዙ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን የያዘው በነዚያ ያልተቀየሩ ፓስወርዶች ነው።

«ሰዓቱ ምንም አይደል፣ ምስሉ ይኑር»

ከፊራ አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ ወጣት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተዘረፈ። ሰዓቱን ጎረቤቱ ድምፅ ሰምቶ ነግሮታል። ዲቪአሩ ላይ 08:00 ብሎ ፈለገ፤ ጨለማ እንጂ ምንም የለም። አንድ ጓደኛው «ወሪያ፣ እሱ የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ስድስት ቀንስ» አለው። 02:00 ላይ ፈለገ። እዚያ ያየው ራሱ ሱቁን ሲዘጋ ነው። ካሜራው ምንም አልያዘም ብሎ ተስፋ ቆረጠ።

ሲደውልልኝ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ዲቪአሩ ከመጣበት ከቻይና ሰዓት አልተቀየረም፤ ከኛ በአምስት ሰዓት ይቀድማል። 07:00 ላይ ስከፍተው ሰውየው ፌሮ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ በደንብ ይታያል። ጥቂት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ዲስኩ ራሱ ያጠፋው ነበር።

የሰዓት ዞኑን ሲደመር 3 ላይ አድርጉት። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ውስጡ ያለችው ትንሿ ባትሪ አልቃለች፤ ትቀየር። ስርቆት ከደረሰ በኋላ ግን ሰዓቱን ለማስተካከል አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቪዲዮውን በፍላሽ ገልብጡ። ከዚያ የዲቪአሩን ሰዓትና የስልካችሁን ሰዓት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ፍላሹንና ፎቶውን አብራችሁ ለፖሊስ ስጡ።