ውሻው አልዘገየም፦ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ»

ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር «መርደር ባይ ዲክሪ» የተባለውን የ1979 ፊልም አየን። ክሪስቶፈር ፕላመር መርማሪውን ሼርሎክ ሆልምስን ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ለንደንን ያሸበረውን ጃክ ዘ ሪፐርን ያሳድዳል። ገዳዩ በእውን የነበረ፣ አሳዳጁ የልብ ወለድ ሰው። ሲያልቅ አንዱ ጓደኛችን «ከ90 ዓመት በኋላ ፍለጋ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። እኔን ግን ከነከነኝ።

ለዘገየ ሰው «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚል አባባል አለን። ውሻው ግን አልዘገየም፤ እዚያው ነበር።

ይህን የማውቀው አያቴ ቤት ስላደግሁ ነው። ማታ ከብቱ በረት፣ በጎቹ ጉረኖ ይገባሉ፤ በሩ በእሾህ ይዘጋል። ውሻችን መቻል ቀን መንገደኛ አያሳልፍም ነበር። አንድ የክረምት ሌሊት ጅብ አጥሩን ጥሶ ገባ። አህያዋ ስታናፋ፣ መቻል ጭራውን ሸጉጦ ከበራችን ሥር ተለጥፎ ሲንቀጠቀጥ ከመደቡ ላይ ሆኜ እሰማው ነበር። አባባ ችቦ ለኩሰው፣ ጦራቸውን ይዘው ሲወጡ ጅቡ ውርንጭላዋን ገድሎ ሄዷል። ያኔ ነው መቻል ወደ አጥሩ ሮጦ ገደሉ እስኪያስተጋባ የጮኸው። አያቴ አልተቆጣችውም። ጠዋት ግን ፍርፋሪውን ነሳችው።

እንደኔ እምነት አባባሉ የተወለደው በረት አጠገብ ሳይሆን አውጫጭኝ ላይ ነው። ወንጀል ሲደርስ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ይመረመር ነበር። ሌሊቱን በግድግዳ ቀዳዳ እያየ ትንፋሹን የዋጠ ጎረቤት፣ ሌባው አገር ከለቀቀ በኋላ እዚያ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲመሰክር ይታየኛል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህችን ቃል ያኔ ካልተነፈሳት መቼ ይተነፍሳታል?

ለንደንም ውሻ አልጠፋባትም። የፖሊስ አዛዡ ሰር ቻርልስ ዋረን በኦክቶበር 1888 በርናቢና በርጎ የተባሉ ሁለት አነፍናፊ ውሾችን በመናፈሻ አስፈትነው ነበር። ኖቬምበር 9 የጃክ ሰለባ የሆነችው ሜሪ ኬሊ ተገድላ ስትገኝ ፖሊሶች «ውሾቹ ይመጣሉ» ብለው ከበሯ ደጅ ከ2 ሰዓት በላይ ቆሙ። ውሾቹ አልመጡም። «በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው ለዚህ ነው።

«ውሻ ጮኸ» የሚባልለት ከተፈለገ ደግሞ ፊልሙ ውስጥ እያወቁ ዝም ያሉ ሹማምንት አሉ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ባይቀበሉትም የፊልሙ ታሪክ እንደዚያ ነው። ሆልምስ ግን በጨለማው ሲያሳድድ የከረመ ሰው ነው። የዝምተኛን ውሻ ነገር ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በ1892 በታተመ አንድ ታሪኩ፣ ፈረሱን ሌሊት ከጋጣ ያወጣው ሰው ለውሻው እንግዳ አለመሆኑን የደረሰበት ውሻው ባለመጮሁ ነው።

አሁን አሁን ቀጠሮ ላሳለፈውም፣ ታክሲ ላመለጠውም ይህችን አባባል ሲወረውሩ እሰማለሁ። አያቴ ብትሰማ «እሱ መች እዚያ ነበረ?» ትላቸው ነበር።