የወሎ ነዳጅ፦ የሚወራው ሌላ፣ እውነታው ሌላ

ወረ ኢሉ አካባቢ ዘይት ከመሬት ወደ ላይ ይሾልካል ሲባል ውሸት አይደለም፤ ጂኦሎጂስቶች መዝግበውታል። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚጨመርበት ወሬ ነው።

«ዘይቱ ከታየ ነዳጁ አለ፤ መንግሥት ደብቆት ነው»

አይደለም። የሾለከው ዘይት የሚነግረን ከታች ዘይት ያፈራ አለት መኖሩን ነው። ለገበያ እንዲወጣ ግን ዘይቱን የሚያቁር አለት፣ ከላዩም በደንብ የሚከድነው ሌላ አለት ያስፈልጋል፤ እንዲያውም መሹለኩ ራሱ ክዳኑ ቀዳዳ እንዳለው ሊጠቁም ይችላል። በዚያ ላይ የወሎን ደጋ ወፍራም የባዛልት ድንጋይ ለብሶታል፤ ከሥሩ ያለውን በመሣሪያ አጥርቶ ማየት በጣም ያስቸግራል። ሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እዚያው ኦጋዴን ውስጥ ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ደረጃ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018። መዘግየት ሁሉ ሴራ አይደለም ጎበዝ!

አንድ ነገር ልጨምር። ምንጭ ወይም ረግረግ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ተንሳፎ ካያችሁ በእንጨት ነካ አድርጉት። እንደ ቅርፊት ተሰባብሮ ከቀረ ብረት የሚበሉ ባክቴሪያዎች የሠሩት ነው። እየተሽከረከረ ተመልሶ ከገጠመ ግን ዘይት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ለወረዳው ማዕድን ጽሕፈት ቤት ንገሩ።

«የራሳችን ነዳጅ ሲወጣ ቤንዚን ይረክሳል»

ደሴ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ወንድማችን ይህን ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም። ግን ድፍድፍ ነዳጅ እንዳለ ባጃጅ ውስጥ አይቀዳም፤ መጣራት አለበት። የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ያቆመው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ የምንቀዳው ተጣርቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባውን ነው። የማደያውን ዋጋ ደግሞ መንግሥት ይወስናል።

«ውጫሌ ከሰል አለ፣ ጅማም ኦይል ሼል አለ፤ ምን ይጠበቃል?»

ሁለቱም አሉ። ኦይል ሼል ግን ዘይት የሚወጣው ድንጋይ ነው፤ ተቆፍሮ፣ ተፈጭቶ፣ አየር በሌለበት እስከ 500 ዲግሪ ገደማ ካልጋለ ዘይት አይሰጥም፤ ይህ ሁሉ ኃይልና ገንዘብ ይበላል፣ የአመድ ክምርም ይተዋል። የውጫሌው ከሰል በባዛልት ንብርብሮች መሃል የተኛ ነው። የመንግሥት የከሰል ፖሊሲ በዋናነት ያተኮረው ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ ሲያስገቡ የኖሩትን ከሰል በአገር ውስጥ እንዲተኩ ነው፤ መኪና ለመንዳት አይደለም።

«ከሰሉ ማሳዬ ላይ ከተገኘ የእኔ ነው»

ይህ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገበሬው በከሰሉ ድርሻ ባይኖረውም መሬቱን ሲለቅ ካሳ የማግኘት መብት አለው፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን ያንብብ፣ ካልቻለ የተማረ ልጁ ያንብብለት። ባለሀብት ሲመጣ በቃል ተስፋ አትሸኙት። ካሳው መቼ እንደሚከፈል፣ ጉድጓዱን ማን እንደሚሞላ፣ ምንጩ ቢደፈርስ ማን እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

«ባዮጋዝ የድሃ ነገር ነው፣ እንጀራውም ይሸታል»

ባዮጋዝ እበት አየር በሌለበት ጉድጓድ (ማብላያ) ውስጥ ሲብላላ የሚወጣ ጋዝ ነው። ጋዙ ሲነድ ሽታው አብሮ ይቃጠላል፤ ምግብ ላይ አይቀርም። አራት ያህል ከብት ያለው ቤት እበቱን ከውሃ ጋር በጥብጦ ማብላያው ውስጥ ከጨመረ ለወጥና ለቡና የሚሆን እሳት ያገኛል። እንጀራ ለመጋገር ግን ለብቻው የተሠራ ምድጃ ይፈልጋል፣ ይህን ሳይነግሩ የሚያስተክሉ ሰዎች እናቶችን ቅር አሰኝተዋል። ደግሞም ኩበት ሲነድ ማዳበሪያው አብሮ ይጠፋል፤ ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ ግን ማሳ ላይ ይደፋል።