የመከላከያ ሕዋሳት ተቀባዮች፦ ከመለየት እስከ ማቆም

ተቀባይ ወይም ሪሴፕተር በሕዋስ ሽፋን ላይ፣ አንዳንዴም በሕዋሱ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። የሚስማማውን ሞለኪውል ሲያገኝ ይይዘዋል፤ ወዲያው በውስጥ በኩል ያሉ ፕሮቲኖች መልእክቱን እየተቀባበሉ እስከ ኒውክለስ ያደርሱታል። ነጭ የደም ሕዋሳት ባዕዱን ከራስ የሚለዩት፣ የሚያጠቁትም ሆነ ማጥቃት የሚያቆሙት በዚህ መንገድ ነው። ስለ በሽታ መከላከል ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው መለየቱ ነው። መለየት ግን ብቻውን ለጥቃት አይበቃም። ፈቃድ የሚሰጡና ልጓም የሚይዙ ሌሎች ተቀባዮች አሉ፤ ብዙዎቹ ከባድ ሕመሞች የሚነሡት የእነዚህ ሚዛን ሲዛባ ነው።

እንዳሉ ከወላጅ የሚወረሱት ተቀባዮች የሚይዙት ተሕዋስያን በቀላሉ ሊቀይሩት የማይችሉትን የአካላቸውን ክፍል ነው። በሰው ላይ 10 ዓይነት ቶል መሰል ተቀባዮች አሉ። 4ኛው የግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎችን የውጭ ሽፋን ሊፖፖሊሳካራይድ፣ 5ኛው ባክቴሪያ የሚዋኝበት ጅራት የተሠራበትን ፍላጀሊን ይለያል። 3ኛው፣ 7ኛው፣ 8ኛውና 9ኛው ደግሞ አርኤንኤ ወይም ዲኤንኤ የሚይዙ ሲሆኑ የተቀመጡት በሕዋሱ ውስጥ ባሉ ከረጢቶች ነው። ይህ አቀማመጥ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጤናማ ሰው ውስጥ የራስ ዲኤንኤ ወደዚያ እምብዛም አይደርስም። ከሞቱ ሕዋሳት የወጣ የራስ አርኤንኤና ዲኤንኤ እየተጠራቀመ ሲገባ ግን እንደ ሉፐስ ያለ ራስን የማጥቃት በሽታ ይባባሳል። የዡል ሆፍማን ቡድን በ1996 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለእነዚህ ተቀባዮች ስም የሰጠው ቶል የተባለ ፕሮቲን የጎደለው የፍሬ ዝንብ በሻጋታ ተጠቅቶ እንደሚሞት አሳየ፤ የብሩስ ቦይትለር ቡድን በ1998 የ4ኛውን ተቀባይ ሥራ በአይጥ አረጋገጠ። ሁለቱም የ2011 የኖቤል ሽልማት ተጋሪዎች ናቸው። ከተቀባዩ በታች መልእክቱን የሚያስተላልፈው አይራክ-4 የተባለ ፕሮቲን የጎደላቸው ሕፃናት በኒሞኮከስና መሰል ባክቴሪያዎች ደጋግመው በጽኑ ይታመማሉ። አደገኛው ነገር ትኩሳቱ ዘግይቶ ወይም አንሶ ሊታይ መቻሉ ነው፤ በዚህ ምክንያት የሕመሙ ክብደት ሊሰወር ይችላል።

ቲ ሴልና ቢ ሴል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ተቀባዮች አሠራር ፈጽሞ ሌላ ነው። ዘረመላቸው በቁርጥራጭ ተቀምጦ እያንዳንዱ ሕዋስ ሲያድግ ራግ-1 እና ራግ-2 የተባሉ ኢንዛይሞች ቆርጠው በየራሱ ያገጣጥሙታል። ሱሱሙ ቶኔጋዋ ይህንን በ1976 በፀረ እንግዳ አካላት ዘረመል ላይ አሳይተው በ1987 ኖቤል ተሸልመዋል። ኢንዛይሞቹ ሙሉ በሙሉ ከጎደሉ ቲ ሴልም ቢ ሴልም የሌለው ሕፃን ይወለዳል፤ የአጥንት መቅኒ ንቅለ ተከላ ካላገኘ በሕይወት የመቆየት ዕድሉ ጠባብ ነው። የቢ ሴል ተቀባይ ሙሉውን ባዕድ ነገር ይይዛል። አብዛኛው የቲ ሴል ተቀባይ ግን ኤምኤችሲ በተባለ ፕሮቲን ላይ የተዘረጋ ቁራጭ ብቻ ነው የሚያየው፦ ሲዲ8 የተባለ የገጽ ፕሮቲን ያላቸው በአንደኛው መደብ ኤምኤችሲ ላይ ያለ ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ፣ ሲዲ4 የተባለው ያላቸው በሁለተኛው መደብ ላይ ያለ ረዘም ያለ ቁራጭ። ግጥሚያው በዘፈቀደ ስለሆነ የራስን አካል የሚያጠቁም ይፈጠራሉ። ታይመስ እጢ ውስጥ ምርጫ የሚካሄደው ለዚህ ነው፤ እዚያ ከሚያድጉት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ።

ምርጫውን ያለፈ ቲ ሴልም ዒላማውን ስላገኘ ብቻ አይነሣም። ሲዲ28 የተባለው ሁለተኛ ተቀባዩ ቁራጩን በሚያሳየው ዴንድሪቲክ ሕዋስ ላይ ሲዲ80 ወይም ሲዲ86 የተባለ ፕሮቲን ማግኘት አለበት። እነዚህ በብዛት የሚወጡት ደግሞ የዴንድሪቲክ ሕዋሱ ቶል መሰል ተቀባዮች ተሕዋስ መኖሩን ሲያረጋግጡ ነው። ፈቃዱ ከሌለ ቲ ሴሉ ይደነዝዛል፤ በኋላ ቢቀሰቀስም አይመልስም። የተጣራ ፕሮቲን ብቻውን ደካማ ክትባት የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ ክትባቶች ላይ 4ኛውን ቶል መሰል ተቀባይ የሚያነቃቃ ቅመም ይጨመራል።

ፈቃዱን ያለ መለየት መስጠት ምን እንደሚያስከትል በመጋቢት 2006 ለንደን ውስጥ ታይቷል። ቲጂኤን1412 የተባለ ሲዲ28ን በቀጥታ የሚያነቃቃ መድኃኒት በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ለ6 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ተሰጠ። በ90 ደቂቃ ውስጥ መታመም ጀመሩ፤ ሳይቶካይን የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት መልእክተኛ ፕሮቲኖች በደማቸው ጎርፈው የበርካታ የአካል ክፍሎቻቸው ሥራ ታወከ። ሁሉም ተርፈዋል። ቀድሞ የተፈተነባቸው ጦጣዎች ላይ ጉዳት ያልታየው የእነርሱ ልምድ ያላቸው ቲ ሴሎች ሲዲ28 ስለሌላቸው ነው።

ልጓሞቹ ሲቲኤልኤ-4 እና ፒዲ-1 ናቸው። የመጀመሪያው ሲዲ80ንና ሲዲ86ን ከሲዲ28 በበለጠ ጥንካሬ ይዞ ፈቃዱን ይነሣል፤ ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ የተዋጋውን ቲ ሴል ያበርዳል። ብዙ የካንሰር ዕጢዎች ፒዲ-1ን የሚይዘውን ፕሮቲን እያወጡ ከጥቃት ያመልጣሉ። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ ልጓሙን በመፍታት ካንሰርን ማከም እንደሚቻል አሳይተው በ2018 ኖቤል ተሸለሙ። ዋጋ አለው፤ የተፈታው ቲ ሴል አንጀትን፣ ቆዳን፣ ጉበትን፣ ሳንባን ወይም ታይሮይድን ሊያጠቃ ይችላል። ጉዳቱ ሲከብድ ልጓሙን የሚፈታው መድኃኒት ይቆምና የመከላከያ ሕዋሳትን የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን በቀን በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ሲሻል መጠኑ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባላነሰ ጊዜ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። በችኮላ ከተቋረጠ ጉዳቱ ያገረሻል። ሆርሞን አመንጪ እጢዎች ከተጎዱ ግን ብዙ ጊዜ አያገግሙም፤ ሆርሞኑን ዕድሜ ልክ መተካት ያስፈልጋል።

ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት የተባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት በተቃራኒው የሚጎድለውን ይፈልጋሉ። የአንደኛው መደብ ኤምኤችሲ እስካለ ድረስ ከልካይ ተቀባዮቻቸው ይይዟቸዋል፤ ቫይረስ ወይም ካንሰር ከቲ ሴል ለመሰወር ኤምኤችሲውን ከሕዋሱ ገጽ ሲያጠፋ እነርሱ ለጥቃት ይነሣሉ።

ተቀባይ ለተሕዋስ መግቢያ በርም ይሆናል። ኤችአይቪ ወደ ሕዋስ ለመግባት ከሲዲ4 ሌላ ሲሲአር5 ወይም ሲኤክስሲአር4 የተባለ ተቀባይ ይፈልጋል። በሁለቱም የሲሲአር5 ዘረመሎቻቸው ላይ 32 ቤዞች (የዲኤንኤ ፊደላት) የጎደሉባቸው ሰዎች በዚህ በር ለሚገባው ቫይረስ በእጅጉ የማይበገሩ ናቸው። በ2007 የተፈቀደው የኤችአይቪ መድኃኒት ማራቪሮክም ይህንኑ ተቀባይ ይዘጋል። ከመታዘዙ በፊት ግን የታካሚው ቫይረስ በየትኛው እንደሚገባ በምርመራ መለየት አለበት፤ በሲኤክስሲአር4 የሚገባውን መድኃኒቱ አያግደውም።