ብሔራዊ ሞኑመንቶችና የአሜሪካ የመሬት ክርክር

አሜሪካ ውስጥ «ብሔራዊ ሞኑመንት» ሲባል ሐውልት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ገደል፣ በረሃ፣ ደን፣ የጥንት መንደር ፍርስራሽም ሊሆን ይችላል። ብሔራዊ ፓርክ የሚቋቋመው በኮንግረስ ነው። ሞኑመንት ግን ፕሬዚዳንቱ በፌዴራል መሬት ላይ ብቻቸውን፣ በአንድ ፊርማ ያውጁታል። ጠቡም የሚነሳው ከዚህች ፊርማ ነው።

ሥልጣኑን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በጊዜው የደቡብ ምዕራቡን ፍርስራሽ እየቆፈሩ የጥንት ሸክላ የሚቸበችቡ በዝተው ነበር። ሕጉ አጭር ነው። የሚከለለው መሬት ቅርሱን ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው እንዳይበልጥ ያዝዛል። ስንት ነው የሚያስፈልገው? ቁጥር አላስቀመጠም።

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በዚያው ዓመት ዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ ዴቭልስ ታወር የተባለውን የዓለት ማማ ከለሉ። በ1908 ደግሞ ከ800 ሺህ ኤከር (አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ያህል ነው) በላይ የሚሰፋውን ግራንድ ካንየንን። ራልፍ ካሜሮን የተባለ ሰው እዚያ የማዕድን ይዞታ አለኝ ይል ነበር። ወደ ገደሉ በሚወርደው መንገድም ኬላ አቁሞ ከመንገደኛ አንድ ዶላር ይቀበል ነበር። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1920 ለመንግሥት ተፈረደ።

በ1943 ፍራንክሊን ሩዝቬልት የጃክሰን ሆልን ሸለቆ ሞኑመንት አድርገው ሲያውጁ ዋዮሚንግ ነደደች። አርቢዎች ጠመንጃ ይዘው፣ የፊልም ተዋናዩን ዋላስ ቢሪን አስከትለው፣ ከብቶቻቸውን ያለ ፈቃድ በተከለለው መሬት አቋርጠው ነዱ። ኮንግረስ አዋጁን ሊሽር ድምፅ ሰጠ፤ ፕሬዚዳንቱ ውድቅ አደረጉት። በ1950 በስምምነት አለቀ። አብዛኛው መሬት ከግራንድ ቲተን ፓርክ ጋር ተቀላቀለ፤ ዋዮሚንግ ውስጥም ያለ ኮንግረስ ፈቃድ አዲስ ሞኑመንት እንዳይታወጅ ተደነገገ።

ካርተር በ1978 አላስካ ላይ 56 ሚሊዮን ኤከር ከለሉ።

የዛሬው ጠብ ማዕከል ዩታ ናት። ከግዛቷ ወደ ሁለት ሦስተኛው የፌዴራል መሬት ነው፤ ቅሬታው ከዚህ ይጀምራል። ክሊንተን በ1996 የግራንድ ስቴርኬዝ እስካላንቴን 1.7 ሚሊዮን ኤከር ሲያውጁ ሥነ ሥርዓቱን ያደረጉት ጎረቤት አሪዞና ሄደው ነው። ብዙ የዩታ ሰዎች እንደ ንቀት ቆጠሩት። የድንጋይ ከሰል ማውጣት ዕቅድም በዚያው ቀረ።

ከዚያ ቤርስ ኢርስ መጣ፤ የድብ ጆሮ ማለት ነው። ስሙ ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት አምባዎች የተወሰደ ነው። ከዓለት ጥላ ሥር ከ700 ዓመት በላይ የቆዩ የድንጋይ ቤቶችና ጎተራዎች አሉ፤ በአንዳንዱ ጎተራ የበቆሎ ቆረቆንዳው ዛሬም አለ። ይጠበቅልን ብለው የጠየቁት ናቫሆና ሆፒን ጨምሮ አምስት የነባር ሕዝቦች መንግሥታት ናቸው። ለእነሱ ቦታው ሙዚየም አይደለም። መድኃኒት ይለቅሙበታል፣ ማገዶ ይሰበስቡበታል፣ ይጸልዩበታል። ኦባማ በታኅሣሥ 2016 መጨረሻ 1.35 ሚሊዮን ኤከር ከለሉ። ትራምፕ በዓመቱ 85 በመቶ ያህሉን ቆረጡት፤ ነባሮቹ ሕዝቦች ከሰሱ። ባይደን በጥቅምት 2021 መለሱት።

አንድ ፕሬዚዳንት ያወጀውን ሌላው መሻር ይችላል? የ1938ቱ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አስተያየት አይችልም ይላል። በ2025 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ያንን ሽሮ ይችላል አለ።