ብልቃጡ ላይ ያለው «30ሲ» ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው በሆሚዮፓቲ (እጅግ በቀጠኑ ነገሮች ለማከም የሚሞክር አማራጭ ሕክምና) ብልቃጥ ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል መድኃኒቱም የበዛ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። «1ሲ» ማለት ከመነሻው ነገር አንድ ጠብታ ከ99 ጠብታ ውሃ ወይም አልኮል ጋር ተቀላቅሎ በደንብ ተነቅንቋል ማለት ነው። ከዚያ ድብልቅ አንድ ጠብታ ተወስዶ እንደገና በ99 ጠብታ ይቀጥናል። «30ሲ» ላይ ይህ 30 ጊዜ ተደግሟል። ገና 12ኛው ዙር ሲያልፍ ከመነሻው ነገር አንድ ሞለኪውል እንኳ የመገኘቱ ዕድል የመነመነ ነው። ሆሚዮፓቶች ግን ከጀርመናዊው ሐኪም ከሳሙኤል ሃነማን ጀምሮ «ሲቀጥን ይበረታል» ይላሉ። ሳይንስ ይህን አይደግፍም።

ይህን አንብቦ ወደ ሆሚዮፓት የመጣ ታካሚ «እዚህ ውስጥ በትክክል ምን አለ?» ቢል ነገረኛ አይደለም። መብቱ ነው። ግልጽ መልስ ይገባዋል። «ሐኪም ያዘዘልህን ተው» ከተባለ ግን ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቆም፣ አደራ።